ፒኖቼ ስሙ ያልተነሳበት አልበም

የ1966 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዕለት እዚህ ልጆች «አበባየሆሽ» እያሉ ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ ከውቅያኖስ ማዶ ባለችው ቺሌ የጦር አውሮፕላኖች ቤተ መንግሥቱን በቦምብ ይደበድቡ ነበር። በፈረንጆቹ መስከረም 11 ቀን 1973 መሆኑ ነው። በምርጫ ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ሳልቫዶር አዬንዴ ያን ቀን ሞቱ። ጄኔራል አውጉስቶ ፒኖቼ አገሩን ተረከበ። ዓመት ከአንድ ቀን ቆይቶ፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ ደርግ ጃንሆይን በቮልስ አሳፍሮ ከቤተ መንግሥት አወጣቸው።

አንዱ ኮሚኒስት አሳዳጅ፣ ሌላው ኮሚኒስት ነኝ ባይ። ግን ሁለቱም ሰዓት እላፊ አወጁ። ሁለቱም ሰው አፍነው ሰወሩ። ሁለቱም ዘፈን ፈሩ።

እዚህ ላይ የማየው በፒኖቼ ዘመን የተሠራ አንድ የሮክ አልበም ነው። ባንዱ «ሎስ ፕሪሲዮኔሮስ» ይባላል፣ እስረኞቹ ማለት ነው። አልበሙ «ፓቴያንዶ ፒዬድራስ» ነው፤ ወደኛ ሲመጣ «ድንጋይ እየረገጡ» ብንለው ያስኬዳል። የወጣበትን ሳምንት ልብ በሉ። (የቺሌን ቀንና ዓመት፣ በኛ ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።) በፈረንጆቹ መስከረም 7 ቀን 1986 ታጣቂዎች ከሳንቲያጎ ወጣ ብሎ ባለ መንገድ ላይ የፒኖቼን መኪኖች አድፍጠው መቱ። አምስት ጠባቂዎቹ ተገደሉ፣ እሱ ግን ለጥቂት ተረፈ። አገሪቱ ውስጥ ከባድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ብዙ ሰው ታፈሰ። በስምንተኛው ቀን፣ በኛ መስከረም 5 ቀን 1979፣ አልበሙ ወጣ። ውስጡ ሥራ አጥነት አለ፣ የተዘጋ ፋብሪካ አለ፣ ሀብታም ለምን ይንደላቀቃል የሚል ዘፈን አለ። በግልጽ ተሸጠ።

እንዴት? የጉዳዩ ጥያቄ ይሄ ነው።

ጥያቄውን ብቻዬን አልያዝኩትም። እዚህ ባሕር ዳር፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ጓደኛችን ጠባብ ስቱዲዮ አለው። ግድግዳው ድምፅ እንዲውጥ በእንቁላል ካርቶን ተለብጧል። ቀን ቀን መዝሙርና የሠርግ ዘፈን ይቀዳበታል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ እኛ እንሰበሰብበታለን። ባለቤቱ ራሱ ኪቦርድ ይጫወታል። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ የነበሩ አንድ ጋሼ አሉ። ማታ ማታ አዝማሪ ቤት የሚሠራ መሰንቆ ተጫዋች አለ። ሁለተኛ ደረጃ የምታስተምር እህታችን አለች። አንድ አልበም እንይዝና ግጥሙን በትርጉም እያነበብን፣ ታሪኩን እየፈተሽን እንከራከርበታለን። ከያዝናቸው ሁሉ እንደዚህኛው ያጨቃጨቀን የለም።

ከሳን ሚጌል የመጡት ሦስቱ

ሆርሄ ጎንሳሌስ ይዘፍናል፣ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፣ ዘፈኖቹንም በአብዛኛው የሚደርሰው እሱ ነው። ክላውዲዮ ናሬያ ጊታር፣ ሚጌል ታፒያ ከበሮ። ሦስቱም ሳን ሚጌል በሚባል የሳንቲያጎ የሠራተኞች ሰፈር የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው የተዋወቁት። መፈንቅለ መንግሥቱ ሲደረግ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ያደጉት በሰዓት እላፊ ነው። ጥሩ መሣሪያ መግዛት ስለማይችሉ መጀመሪያ ላይ ቤት ውስጥ እቃ እየደበደቡ ቴፕ ላይ የቀልድ ዘፈን ይቀዱ ነበር። በኋላ የእንግሊዙን ባንድ «ዘ ክላሽ»ን ሰሙና ጨዋታው ተቀየረ።

ከነሱ በፊት ስለነበረው ዘመን አንድ ነገር መባል አለበት። ቺሌ ውስጥ ከመፈንቅለ መንግሥቱ በፊት የተቃውሞ ዘፈን ማለት የባላገር ዜማ ነበር፦ ጊታር፣ ኬና የሚሉት የሸምበቆ ዋሽንት፣ ቻራንጎ የምትባል ትንሽ ክራር መሰል መሣሪያ። ከሁሉም የታወቀው ቪክቶር ሃራ ነው። ወታደሮቹ በመጀመሪያው ሳምንት ይዘው፣ ስታዲየም ውስጥ አሰቃይተው ገደሉት። ሌሎቹ ተሰደዱ። ከዚያ በኋላ የኬናና የቻራንጎ ድምፅ ራሱ እንደ ቀይ ባንዲራ ይታይ ጀመር። ካድሬ አደን የወጣ ወታደር ቻራንጎ የያዘውን ያውቀዋል። ኤሌክትሪክ ጊታር የያዘ፣ ጸጉሩን ያቆመ ጎረምሳ ግን ምን ያደርግልኛል ብሎ ያልፈዋል። ፈረንጅ የሚኮርጅ ልጅ ነው፤ ያድግና ይተወዋል።

የመጀመሪያ አልበማቸው በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1984 ወጣ። በኛ 1977 ነው፣ ስለ 77 ማስረዳት አያስፈልገኝም። ያወጣው የጎንሳሌስ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ካርሎስ ፎንሴካ ነው። «ፉሲዮን» ከሚባል ሙዚቃ ቤት ጋር የተያያዘች ትንሽ አሳታሚ ነበረችው። 1,000 ያህል ካሴት ነበር የታተመው። ቀሪውን ሕዝብ አባዛው፤ ባለሁለት ካሴት ቴፕ ያለው ሁሉ ለጓደኛው ይገለብጥለት ነበር። እኛም የምናውቀው ነገር ነው። በ1985 ትልቁ የሙዚቃ ኩባንያ ኢኤምአይ ወሰዳቸው።

በዚያ የመጀመሪያ አልበም ላይ ብዙ ሰው የማያነሳው አንድ ዘፈን አለ። የሚተቸው መንግሥትን አይደለም። ማንንም የማያስቀይሙ፣ ለስላሳ ድምፅ ያላቸው የተቃውሞ ዘፋኞችን ነው፤ ሰላምና ርግብ እያሉ ሁሉም የሚያጨበጭብላቸውን። ጋሼ ይሄን ሲሰሙ ሳቁ። «የራሳቸውን ወገን ነዋ የጠበጡት!» አሉ። አዎ። ተቃዋሚውም ተገረመ፣ መንግሥትም ግራ ገባው። የማንም ፓርቲ አባል አልነበሩም። በማን ፋይል ይግቡ?

አልበሙ ራሱ

«ድንጋይ እየረገጡ» ዐሥር ዘፈን አለው። ከፊተኛው ጋር አከታትላችሁ ብትሰሙት የሌላ ባንድ ይመስላችኋል። ጊታሩ ወደ ኋላ አፈግፍጓል፤ ሲንተሳይዘርና ኤሌክትሮኒክ ከበሮ ፊት መጥቷል። የስቱዲዮው ባለቤት ይሄን በጣም ወደደው። እኛ አገር ኪቦርድ ብቻውን ሙሉ ባንድ ተክቶ ሠርግ ሲሸኝ የሙዚቃ ሰዎች ያዝናሉ፣ ባንድ ሞተ ይላሉ። እነዚህ ልጆች ግን ማሽኑን ማሽን እንዲመስል አድርገው ነው የተጠቀሙበት። የመክፈቻው ዘፈን «ኢንዱስትሪዎቹን አንቀሳቅሱ» ይላል። ከበሮው ብረት ሲቀጠቀጥ ነው የሚመስለው፤ መዶሻ፣ ፕሬስ፣ የእንፋሎት ትንፋሽ። የዘፈኑ ወሬ ግን ፋብሪካው መቆሙ ነው። የቆመ ፋብሪካ ድምፅ በሙዚቃ ተመልሶ መጣ።

በ1982 የቺሌ ኢኮኖሚ 14 በመቶ ገደማ ወድቆ ነበር። ከአምስት ሠራተኛ ቢያንስ አንዱ ሥራ አጣ። የፒኖቼ ኢኮኖሚስቶች ገበያውን ክፍት አድርገው፣ ገንዘቡን ከዶላር ጋር አስረው፣ የአገር ውስጡን ፋብሪካ ከውጭ እቃ ጋር ባዶ እጁን አጋፈጡት። እንደ ሳን ሚጌል ያሉ ሰፈሮች ናቸው የተመቱት።

ጋሼ እዚህ ጋ ዝም ብለው ቆዩና የኛን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አነሱ። ፋብሪካው የተተከለው በኛ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። ባሕር ዳርን ከተማ ካደረጓት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድናቸው ለላብ አደሩ ይዘፍን ነበር፦ ምርት ይደግ፣ ዘመቻው ይቅና። ግጥሙ ከመድረክ በፊት ኃላፊዎች ፊት ይነበባል። አንድ ቃል ከተሰረዘ ዜማው ይጎድላል፤ ስለዚህ ማታውኑ ሌላ ቃል ይፈለጋል። «እኛ ለሚሠራ ፋብሪካ ዘመርን» አሉ፤ «እነሱ ለቆመው»። ንግግራቸው ውስጥ ምሬት አልነበረም። የቡድናቸው ዜማዎች ዛሬም ያምሩኛል ይላሉ፣ እኔም እስማማለሁ። ከጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ ከጎንደሩ ፋሲለደስ፣ ከወሎው ላሊበላ ኪነት የወጣው ሙዚቃ መፈክሩን ብትቀንሱለት ወርቅ ነው።

ሁለተኛው ዘፈን «ለምን አይሄዱም?» ይላል። አገሩን እየናቁ አውሮፓና ኒውዮርክ ለሚያልሙ አርቲስቶችና ምሁራን የተላከ ነው፦ ካልተመቻችሁ ሂዱልና። ዜማው ያስጨፍራል። ስቱዲዮ ውስጥ ሁላችንም ሳቅን፣ መምህሯ ግን አልሳቀችም። «ንቆ የሚሄድ ስንት ነው?» አለች። «የኔ ተማሪ በመተማ አድርጎ የጠፋው አገሩን ንቆ አይደለም።» ልክ ናት። ዘፈኑ የሚሳለቀው ቲኬት መግዛት በሚችለው ላይ ነው፤ ግን ያን ልዩነት በደንብ አላሰመረም። እኔ ከአልበሙ ደካማ ጎን እቆጥረዋለሁ። የሀብታሞቹ ዘፈንም ቢሆን እልሁ እንጂ ሐሳቡ ሩቅ አይሄድም፦ እንደ ድሀው ያው ደደብ ሆነው ሳለ ለምን ይመቻቸዋል ይላል። ያስቃል፣ ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው።

«ኤል ባይሌ ዴ ሎስ ኬ ሶብራን»፣ የትርፎቹ ጭፈራ። ውሻ ሲጮህ ይሰማል። የሰፈር ውሻ፣ የሌሊት ውሻ። መጀመሪያ ያዳመጥን ማታ መሰንቆ ተጫዋቹ የስቱዲዮውን በር ከፍቶ ውጭውን አየ። ባሕር ዳር ውስጥ ሌሊት በእግሩ የሄደ ሰው ያንን ጩኸት ያውቀዋል፤ ከአንዱ ግቢ ይነሳል፣ ሌላው ይቀበላል። ቀጥሎ አንድ አኩስቲክ ጊታርና ተረጋግቶ የሚመታ ከበሮ ይገባል። ዜማው ቀላል ነው፣ ሁለት ጊዜ የሰማ አብሮ ይዘፍናል።

ግጥሙ ስለ አንድ ልጅ ነው። ሌላ ሌሊት፣ ሌላ የእግር መንገድ፣ ሌላ ወር ማለቂያ፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ትምህርት ቤት ውስጥ ሁላችሁም እኩል ናችሁ ተብሎ ነበር። ትጉ ተባለ፣ ተጋ። ጨረሰ። ከዚያስ? ለሌሎቹ የተነገረ ምስጢር ነበር፣ ለሱ አልተነገረም። ሌሎቹ ትምህርት የሚባለውን ነገር የምር አገኙት። እሱና ጓደኞቹ ድንጋይ እየረገጡ ይሄዳሉ። አዝማቹ ደግሞ ይጠራቸዋል፦ ኑ፣ ከትርፎቹ ጭፈራ ተቀላቀሉ።

ይህ የትካዜ ዘፈን ብቻ አይደለም፣ ሕግ ተከትሎ የመጣ ነው። ከ1981 ጀምሮ የፒኖቼ መንግሥት የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን ለማዘጋጃ ቤቶች አስተላልፎ፣ ለግል ትምህርት ቤት በተማሪ ቁጥር ድጎማ መክፈል ጀመረ። ሀብታም ማዘጋጃ ቤት ሀብታም ትምህርት ቤት፣ ድሀ ማዘጋጃ ቤት ድሀ ትምህርት ቤት። ዘፈኑ ያን አዋጅ በስሙ አይጠራም። አዋጁ ያፈራውን ልጅ ይጠራል።

መምህሯ የኛን ቁጥር አስታወሰችን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ከዚያ በፊት ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን የጠረበውም ትውልድ አለ፤ ባሕር ዳር የምንረግጠው ንጣፍ የማን እጅ እንደሆነ እናውቃለን። የስቱዲዮው ባለቤት ቶሎ አላት፦ «እነሱ ድንጋይ ረገጡ፣ እኛ ጠረብነው።»

ለምን አልታገደም?

ሳንሱር የተደረገ ነገር እንጂ ያልተደረገ ነገር ማስረዳት ይከብዳል። ግን ክርክራችን የደረሰበትን ላስቀምጥ።

በአልበሙ ውስጥ ፒኖቼ የሚል ቃል የለም። ጄኔራል፣ ወታደር፣ ጁንታ ብሎ የሚወነጅልም የለም። ይህን የሰማ ሰው «አሃ፣ ሰምና ወርቅ ነው» ይላል፤ መሰንቆ ተጫዋቹም መጀመሪያ ያለው ይሄንኑ ነው። እኔ አይመስለኝም። ሰምና ወርቅ ላይ የተሸፈነ ነገር አለ፤ ፈልቅቀህ ታወጣዋለህ። እዚህ ግን የተሸፈነ የለም። ሥራ አጥ ነኝ የሚለው ልጅ ሥራ አጥ ነው፣ ሌላ ወርቅ የለውም። ድፍረታቸው ዒላማውን በመምረጥ ላይ ነው። ባለሥልጣኑን ትተው ኑሮውን ዘፈኑ። ሰውየውን የሰደበ ዘፈን ይታገዳል፣ ምክንያቱም ስድቡን ይዞ መክሰስ ይቻላል። «ትምህርት ጨርሼ ሥራ የለኝም» የሚለውን ለመክሰስ ግን መጀመሪያ ሥራ አለ ማለት ይኖርብሃል።

ሁለተኛው ነገር ገበያው ነው። ፒኖቼ በነፃ ገበያ የሚምል አምባገነን ነበር። ኢኤምአይ የውጭ ኩባንያ ነው፤ ሬዲዮ ጣቢያዎች ማስታወቂያ ይፈልጋሉ፤ ወጣቱ ይሄን ዘፈን ይፈልጋል። መንግሥት ራሱ የከፈተው በር ነው ያስገባቸው። ደርግ ዘንድ እንዲህ ያለ በር አልነበረም። የኛ ሳንሱር ቢሮ ነበረው፣ ማኅተም ነበረው፣ ግጥም ቀድሞ ይቀርብ ነበር። የቺሌው ዋና መሣሪያ ሌላ ነው፦ ከመንግሥት ቴሌቪዥን ማጥፋት፣ አዳራሽ መከልከል፣ ስፖንሰር ማስፈራራት። በ1985 ለአካል ጉዳተኛ ሕፃናት እርዳታ በሚሰበሰብበት ትልቅ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሲጫወቱ የመንግሥቱ ጣቢያ ሥርጭቱን ቆረጠባቸው። ታገዱ የሚል ወረቀት የለም። ብቻ ከስክሪኑ ጠፉ። ወረቀት የሌለው እገዳ ይግባኝ አይባልበትም፣ ተንኮሉም እሱ ጋ ነው።

ሦስተኛውን ያመጣው መሰንቆ ተጫዋቹ ነው፤ ለኔ ከሁሉም የበለጠው የሱ ነው። ሐሳቡን ቀየረና እንዲህ አለ፦ «እኔ ሰምና ወርቅ የምጠቀመው ሰውየው ፊቴ ስለተቀመጠ ነው። ሽልማቱም ከሱ ኪስ ነው፣ ጥፊውም ከሱ እጅ ነው። እነሱ የዘፈኑት ግን ለሌለ ሰው ነው።» አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ይገባዋል። ግጥም ተቀባዩ፣ ተሰዳቢው፣ ከፋዩ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ ቃሉ ሁለት ልብስ ይለብሳል። ካሴት ግን ልጁ መኝታ ቤት ውስጥ ብቻውን ነው የሚሰማው። ጄኔራሉ እዚያ የለም። ታዲያ ለማን ተብሎ ይሸፈናል?

ጋሼ በከፊል ብቻ ተቀበሉት። «የኛ ካሴት ውስጥ ጄኔራሉ ቁጭ ብሎ ነበር» አሉ። ግጥሙን ከመቀዳቱ በፊት ሰው ያነበዋላ። ስለዚህ በደርግ ዘመን ካሴት ላይም ዘፋኙ ስለ አገር ሲያወራ ስለ ፍቅር እንዳወራ መምሰል ነበረበት፤ ናፍቆት ብሎ ስደትን፣ ውዴ ብሎ የጠፋውን ወንድም። በዚያ ብልሃት የተሠሩትን ዘፈኖች ዛሬም እየፈታን እንሰማቸዋለን። ጋሼን ሲረታ ያየሁት ሰው የለም፣ በዚህም አልተረቱም።

ስም ሲጠሩ የሆነው

ይህ ሁሉ ግምት ነው እንዳይባል፣ ተቃራኒው ሲደረግ ምን እንደሆነ ማየት ይቻላል። በ1988 ፒኖቼ ስምንት ዓመት ይጨመርልኝ ብሎ ሕዝበ ውሳኔ ጠራ፤ አዎ ወይም አይ። ባንዱ ሦስተኛ አልበሙን ይዞ አገሪቱን ሊዞር ተዘጋጅቶ ነበር። በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ «እኛ አይ ነን» አሉ። ከዚያ በየከተማው አዳራሹ ይሰረዝ ጀመር። አንዱ ጋ ፈቃድ ጠፋ፣ ሌላው ጋ ባለቤቱ ሐሳቡን ቀየረ። ጉዞው ተበላሸ። በዘፈን ሲናገሩ ያልቆመው ነገር በአንድ ቃል ቆመ።

መስከረም 25 ቀን 1981 በኛ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1988 በነሱ፣ ድምፅ ተሰጠ። «አይ» 56 በመቶ ገደማ አግኝቶ አሸነፈ። በሳምንቱ የሰብአዊ መብት ኮንሰርት ይዘው ዓለምን የሚዞሩት ዘፋኞች፣ እነ ስፕሪንግስቲን፣ ስቲንግና ፒተር ጋብርኤል ቺሌ መግባት ስላልቻሉ ከድንበሩ ማዶ አርጀንቲና፣ ሜንዶሳ ላይ ተጫወቱ። ሎስ ፕሪሲዮኔሮስም እዚያው መድረክ ላይ ነበሩ። ብዙ ቺሌያዊ የአንዲስን ተራራ ተሻግሮ ሄደ። ፒኖቼ ቤተ መንግሥቱን የለቀቀው በ1990 መጋቢት ነው። በዚያው ዓመት ናሬያ ከባንዱ ወጣ፤ ምክንያቱ ፖለቲካ አልነበረም፣ በእሱና በጎንሳሌስ መካከል የገባ የቤት ጉዳይ ነው። ብዙም ሳይቆይ ባንዱ ተበተነ። በ2001 ተመልሰው ብሔራዊ ስታዲየሙን ሞሉት፤ በ1973 በሺህ የሚቆጠር ሰው የታጎረበትን ስታዲየም።

አሁን ወደ 2019 ልዝለል፣ ምክንያቱም አልበሙ እንዴት ወጣ ከሚለው ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው። በፈረንጆቹ ጥቅምት ላይ የሳንቲያጎ ሜትሮ ዋጋ 30 ፔሶ ጨመረ። ተማሪዎች በሩን እየዘለሉ ገቡ። ነገሩ ከረረ፤ የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ ወታደር ጎዳና ላይ ወጣ፣ ሰዓት እላፊው ተመለሰ። ጥቅምት 25 ቀን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አደባባይ ወጣ። በዚያ ሰሞን ሕዝቡ አደባባይ ላይ ሲዘምረው የሰነበተው የትርፎቹን ጭፈራ ነው። ብዙው ዘማሪ ዘፈኑ ሲወጣ አልተወለደም። ጎንሳሌስ ሲጠየቅ፣ ይሄ ዘፈን እስካሁን መዘፈኑ ያሳዝናል አለ።

በዚህ ላይ ለሁለት ተከፈልን። መምህሯና እኔ ዘፈኑ ከፒኖቼ በላይ የኖረው ስሙን ስላልጠራ ነው አልን። ፒኖቼ ቢኖርበት ኖሮ በ1990 ጡረታ ይወጣ ነበር፤ ስለ ትምህርት ቤት ስለሆነ ግን ትምህርት ቤቱ እንደዚያው እስካለ ይሠራል። ጋሼ ይሄን ሙገሳ አልወደዱትም። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲዘፈን ችግሩ ካልተነቀነቀ፣ ዘፈኑ ምን ሠራ? ሕዝቡ አዝኖ፣ ጨፍሮ፣ ቀሎት ወደ ቤቱ ገባ ማለት አይደለም ወይ? የኪነት ዘፈን መንግሥትን አገለገለ ትሉናላችሁ፣ ይሄስ ሳያስበው አላገለገለም ወይ? ደህና መልስ አልነበረኝም። የቺሌ ሰዎች ከ2019 በኋላ አዲስ ሕገ መንግሥት ሁለት ጊዜ አርቅቀው ሁለቴም በድምፅ ጣሉት፤ ይሄ ለጋሼ ይመዝን ወይ ለኔ እስካሁን አልለየሁትም።

መሰንቆ ተጫዋቹ ክርክሩ ሰልችቶት ገመዱን ይቃኝ ነበር። የትርፎቹን ዜማ በትዝታ ቅኝት ሞከረው፣ አልገባም። ወደ ባቲ ወሰደው፣ ትንሽ ተሻለ። ከዚያ ዜማውን ተወና የራሱን አንድ ስንኝ ጣለ፦

ዐሥራ ሁለት ዓመት ደብተር ተሸክሜ፣
ለሰው መንገድ ሠራሁ ከመንገድ ዳር ቆሜ።

የስቱዲዮው ባለቤት ዘሎ ማይኩን ከፈተ። ድገመው አለው። ጋሼ ግን እጃቸውን አንስተው፣ «ሰሙ የታለ?» አሉት። «የለውም፣ ጋሼ» አለ ልጁ። «ማታ አዝማሪ ቤት ትለዋለህ?» አሉት። ትንሽ አሰበና ማን እንደተቀመጠ አይቼ ነው አላቸው። ቀረጻው ላይ እሱም ገብቷል፤ ባለቤቱ እንዳይቆርጠው ለምነነዋል።